ርካሽ ክራር ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ክራር ይዛ ቤቴ መጣች። የገዛችው ጣና ዳር፣ ለጎብኚ የሚሆኑ የባህል ዕቃዎች ከሚሸጡበት ነው። በዛጎል ያጌጠ፣ ቆዳው ላይ ሥዕል ያለበት፣ ሲያዩት ደስ የሚል ክራር ነው። «አጎቴ፣ እስቲ ቃኝልኝ» አለችኝ። ትዝታ ቃኘሁላት። ቡና እየተፈላ ስለነበር ክራሩን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። አቦሉን ጠጥተን ስታነሳው ሦስት ክሮች ወርደዋል። እንደገና ቃኘሁት። ቶና ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌሎች ሁለት ወረዱ። ልጅቷ ከፋት። «እኔ ስለማልችል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ይህን የምጽፈው በዚያች ጥያቄ ምክንያት ነው። ብዙ ጀማሪ ክራሩ አልቃኝ ሲለው ጥፋቱን ራሱ ላይ ይፈልጋል። ጆሮዬ አይሰማም፣ ጣቴ አይታዘዝም ይላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ክራሩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጁም ሙዚቃውን ይተወዋል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ሳይሆን ዕቃው ነው። ዕቃው ደግሞ አንዳንዴ በትንሽ ገንዘብ ይድናል፣ አንዳንዴ ፈጽሞ አይድንም። ልዩነቱን ሳያውቁ ገንዘብ ማውጣት ነው የሚያስቆጨው።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። ለጀማሪ ክራር የምታወጡት ገንዘብ በመጀመሪያ ቅኝት እንዲይዝ ለሚያደርገው ነገር ይሁን። ውበት፣ ድምፅ ማጉያ፣ ማንገቻ፣ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እጃችሁ ላይ ያለው የትኛው ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ ጀማሪ እጅ ላይ የማያቸው ክራሮች በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የእህቴ ልጅ የገዛችው ነው፤ ለጌጥ የተሠራ፣ አነስ ያለ፣ ክሮቹ የተጠጋጉ። ሁለተኛው ከጎድጓዳ እንጨት ወይም ከብረት ሳህን ላይ ቆዳ ተወጥሮ የተሠራ፣ ለመጫወት የታሰበ ነገር ግን በርካሽ የተሠራ ክራር ነው። ሦስተኛው ሆዱ እንደ ሣጥን በእንጨት የተገጠመ፣ ፊቱም ቆዳ ሳይሆን ስስ ጣውላ የሆነ ነው።

ለጌጥ የተሠራው ላይ ብዙ አልቆይም። ክሮቹ መካከል ጣታችሁን አስገቡ። ጣታችሁ ሁለቱን ጎረቤት ክሮች ከነካ በቃ፣ ያ ክራር አይሆናችሁም። ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ፤ የቀኝ እጅ ይገርፋል፤ ያልታፈኑት ብቻ ይጮኻሉ። ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከሌለ ግርፍ አትማሩም። ይህን ደግሞ አዲስ ክር አያስተካክለውም። የሠራው ሰው አልበደለም፤ እንዲሰቀል ነው የሠራው። የበደለው «ይሄ እኮ ደህና አድርጎ ይጫወታል» ብሎ ለልጅ የሸጠው ነው።

እውነተኛው ጥያቄ የሚመጣው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው።

የግማሽ ሰዓት ፈተና

አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ስልካችሁ ላይ ነጻ የመቃኛ አፕ ጫኑ። ክራሩን ትዝታ ቃኙት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ፣ ስድስተኛው ደግሞ የላይኛው ዶ። አፑ ከትክክለኛው ድምፅ ስንት እንደራቃችሁ በሴንት ያሳያችኋል። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ሁሉንም አስተካክሉና ለግማሽ ሰዓት ሳትነኩት አስቀምጡት። ከዚያ አንድ በአንድ ለኩት።

ሁሉም ክሮች በአንድነት ትንሽ ትንሽ ከወረዱ ጥርጣሬያችሁ ክሩ ወይም ቆዳው ላይ ይሁን። አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ብዙ ከወረዱ መቃኛው፣ ማለትም ክሩ ከላይ ተጠምጥሞ የሚጠብቅበት፣ እየተንሸራተተ ነው። አንዱን ክር ስታጠብቁ ሌሎቹ የሚወርዱ ከሆነ ግን ጉዳዩ ከበድ ይላል፤ አካሉ ራሱ እየታጠፈ ነው ማለት ነው። ጥቂት መለዋወጥ ደህናው ክራር ላይም አለ። የሚያስፈራው በዓይን የሚታየው መታጠፍ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ክሮቹን አላሉና በአንድ እጃችሁ ሆዱን፣ በሌላው ቀንበሩን፣ ክሮቹ የሚጠመጠሙበትን የላይኛውን አግዳሚ እንጨት፣ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጠምዝዙ። ቀንበሩ ከሁለቱ ቋሚዎች ጋር በሚገናኝበት ላይ ከተንቀሳቀሰ ወይም ሲጥ ካለ፣ ቋሚዎቹም ሆዱ ውስጥ የሚላወሱ ከሆነ፣ እዚያ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ኮላ ቢያጣብቁትም ይመለሳል። ስድስት ክር ቀንና ሌሊት ሲጎትተው ነው የሚውለው።

የእህቴ ልጅ ጓደኛ፣ ፔዳ ካምፓስ የሚማር ልጅ፣ ሁለተኛውን ዓይነት ክራር ይዞ መጥቶ ነበር። መልኩ አያምርም። ሆዱ የብረት ሳህን ነው፣ ቆዳው ላይ አሁንም ጥቂት ፀጉር አለ። ቀንበሩን ብጠመዝዘው ወይ ፍንክች! ይህ ክራር ይድናል አልኩት።

ክር መቀየር፤ ትንሹ ወጪ፣ ትልቁ ለውጥ

እስካሁን በእጄ ካለፉት ርካሽ ክራሮች ብዙዎቹ ስድስቱም ክራቸው አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው ናይለን ነበር። ይህ ለሠሪው ይቀለዋል፤ አንድ ጥቅል ገዝቶ ስድስት ቦታ መቁረጥ ነው። ለተጫዋቹ ግን መከራ ነው። ከታችኛው ዶ እስከ ላይኛው ዶ የንዝረቱ ፍጥነት በእጥፍ ይጨምራል። ውፍረቱና ርዝመቱ እኩል የሆነ ክር ያን ያህል እንዲወጣ ከተፈለገ ውጥረቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ የታችኛው ክር ይልፈሰፈሳል፣ የላይኛው ደግሞ ሊበጠስ ይደርሳል። መቃኛውም የሚንሸራተተው በዚያው በላይኛው ክር ላይ ነው።

መፍትሔው ውፍረታቸው የተለያየ ክሮች መጠቀም ነው። የክር ውፍረት በእጥፍ ሲጨምር፣ ውጥረቱ ሳይቀየር የንዝረቱ ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ትዝታ ላይ ብታሰሉት ቁጥሩ እንዴት እንደሚገጥም አይታችሁ ትደነቃላችሁ። ለታችኛው ዶ 1.0 ሚሊ ሜትር፣ ለሬ 0.9፣ ለሚ 0.8፣ ለሶል 0.7፣ ለላ 0.6፣ ለላይኛው ዶ 0.5። ስድስቱም ከሞላ ጎደል እኩል ይወጠራሉ። ጣት ላይም እኩል ይሰማሉ፤ ግርፉ ሲወርድ አንዱ ጠንክሮ ሌላው ሰንፎ አይገኝም።

ጣና ላይ ዓሣ በሚጠመድበት ከተማ ናይለን አይጠፋም። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ጥቅሉ ላይ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ አንብባችሁ ግዙ። ስድስት ጥቅል መግዛት ከበዛባችሁ ከጓደኞቻችሁ ጋር ተካፈሉ። አንድ ጥቅል ለብዙ ክራር ይበቃል። እኛ ለሦስት ሆነን ነው የገዛነው።

አዲስ ናይለን መጀመሪያ ላይ ይለጠጣል። ለሦስት አራት ቀን በየጊዜው ትቃኙታላችሁ፤ ከዚያ ይረጋል። በዚያ መሃል ተስፋ እንዳትቆርጡ።

የብረት ክር ግን ርካሽ ክራር ላይ እንዳታደርጉ። አደራ! ድምፁ ያምራል፣ ይጮኻል፣ ያጓጓል። ነገር ግን ብረት ከናይለን ሰባት እጥፍ ያህል ይከብዳል። ውፍረቱ እኩል ሆኖ ያንኑ ድምፅ ለማውጣት ሰባት እጥፍ ያህል ውጥረት ይፈልጋል። ቀጭን ብረት ተጠቅማችሁ ብትቀንሱትም ለደካማ ቀንበር ሸክሙ አይቀልም። አንድ ወንድሜ የምለው ሰው በብረት ክር የወጠረውን ክራር ጠዋት ሲያነሳው ቆዳው ከዳር ተተርትሮ ነው ያገኘው።

ወጪ የሌለው ሌላም ዘዴ አለ። ክራሩን በሙሉ ሁለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቃኙት። ውጥረቱ በ20 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ብቻችሁን የምትለማመዱ ከሆነ ማንም አይከለክላችሁም፤ ድምፃችሁም ሊመቸው ይችላል።

መቃኛው፤ ጨርቅ ወይስ የጊታር ቁልፍ?

ክራር ላይ ብዙ ገንዘብና ብዙ ክርክር የሚወጣው እዚህ ነው።

ነባሩ አሠራር ክሩን በጨርቅ ወይም በቆዳ ቅዳጅ ቀንበሩ ላይ ጠምጥሞ በእንጨት ማዞር ነው። የሚይዘው ሰበቃው ብቻ ነው። ቅዳጁ ሲያረጅና ሲለሰልስ ይንሸራተታል። የመጀመሪያው ጥገና ቀላል ነው፤ አሮጌውን ቅዳጅ ጥላችሁ በሸካራ የጥጥ ጨርቅ ቀይሩት፣ ቀንበሩ ላይ የተጠራቀመውን እድፍ በብርጭቆ ወረቀት አንሱት፣ ጠመኔ አሹበት። የማሲንቆ ተጫዋቾች ደጋኑ ላይ የሚያሹት ዕጣንም እዚህ ይሠራል፤ ዱቄት አድርጋችሁ ትንሽ ነስንሱበት። የካምፓሱ ልጅ ክራር በዚህ ብቻ ግማሽ ሰዓቱን አለፈ።

ሁለተኛው መንገድ የጊታር መቃኛ ማስገጠም ነው። የጊታር መቃኛ ጥርስ አለው። ብዙዎቹ 14 ጊዜ ስታዞሯቸው ክሩ የተጠመጠመበት ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ 18 የሚሉም አሉ። ስለዚህ በጥቂቱ በጥቂቱ ማስተካከል ይቻላል፤ ክሩም ወደ ኋላ አይጎትታቸውም።

ይህ ለምን ትልቅ ጉዳይ እንደሆነ ቅኝት ስትቀይሩ ይገባችኋል። ከትዝታ ወደ አምባሰል እንሂድ። ሬ ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች። ሚ ግማሽ ድምፅ ወጥታ ፋ ትሆናለች። ላ ግማሽ ድምፅ ትወርዳለች። ዶና ሶል ከቦታቸው አይነቃነቁም። ሦስት ክር ብቻ ነው። በጥሩ መቃኛ ደቂቃ አይፈጅም። በሚንሸራተት ጨርቅ ግን ላን ስታወርዷት አልፋ ትሄዳለች፣ ስትመልሷት ትዘላለች፤ አሥር ደቂቃ ይሄዳል። ጀማሪ ይህን ሲፈራ ዕድሜውን ሙሉ ትዝታ ላይ ይቀራል። ባቲና አንቺ ሆዬ ለእሱ የሌላ ሰው ሙዚቃ ይሆኑበታል። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

አሜሪካኖች ፔዳል ስቲል የሚሉት ጊታር አላቸው። እግር ኖሮት እንደ ጠረጴዛ ይቆማል፣ ብዙውን ጊዜ አሥር ክር አለው፤ እየተጫወቱ በእግር ፔዳልና በጉልበት ማንሻ ቅኝቱን ይቀይሩታል። ኢ9 በሚሉት ቅኝት አንዱን ፔዳል ሲረግጡ ጂ ሻርፕ የሚሏት ድምፅ ግማሽ ድምፅ ወጥታ ኤ ትሆናለች፤ እግር ሲነሳ ትመለሳለች። እዚያም ርካሹን የጀማሪ ዕቃ ከደህናው የሚለየው ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ድምፁ ሲመለስ ልክ ቦታው ላይ ያርፋል ወይ? እኛ በእጅ የምናደርገውን እነሱ በእግር ያደርጉታል፤ የዕቃው ፈተና ግን አንድ ነው።

ወደ ክራራችን እንመለስ። የጊታር መቃኛ ከማስገጠማችሁ በፊት ቀንበሩን ለኩ። ለብዙዎቹ መቃኛዎች 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያስፈልጋል። ቀንበራችሁ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከቀዳዳው ግራና ቀኝ የሚተርፈው 5 ሚሊ ሜትር እንጨት ነው። እንዲህ ያለ ቀዳዳ ስድስት ቦታ ይበሳል። በድሪል ሲበሳ ካልተሰነጠቀ ክር ሲወጠር ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀጭን ቀንበር ላይ መቃኛ ማስገጠም ማለት ቀንበሩንም መቀየር ማለት ነው። ይህን ደፍሮ የሚሠራ አናጢ ከተገኘ ወይራ ወይም የደረቀ ዋንዛ ይጠቀም። አናጢው ዘንድ ስትሄዱ ክራሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል አታስረዱ። እኔ አንድ ጊዜ በስልክ አስረድቼ የመጣልኝ ቀንበር ከቋሚዎቹ ስፋት በሁለት ጣት አጥሮ ነበር።

ስሌቱ እዚህ ላይ ይቀየራል። የመቃኛ ዋጋ፣ የአዲስ ቀንበር ዋጋ፣ የአናጢ እጅ ሲደመር የማደሻው ሂሳብ ያድጋል። እኔ የምሄድበት ልክ አለኝ፤ ጠቅላላ ወጪው ደህና የእንጨት ክራር ከሚሸጥበት ዋጋ ሲሶውን ካለፈ አላድስም። ገንዘቡን አስቀምጬ ለአዲሱ አጠራቅማለሁ።

ቆዳና ክረምት

ይህ የባሕር ዳር ሰው ከሌላው በላይ ሊያስብበት የሚገባ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡም አለ፣ የሐይቁም እርጥበት አለ። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል። ክሮቹን የተሸከመው ብርኩማ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ድምፁ ይወርዳል፣ ይታፈናል። በጋ ሲመጣ ቆዳው ይወጠራል፣ ቅኝቱም ይወጣል። ስለዚህ በሐምሌ «ክራሬ ተበላሸ» ብላችሁ ለመቀየር አትቸኩሉ። ጥቅምት ድረስ ጠብቁና እንደገና ፈትኑት።

ከበሮ ፀሐይ ላይ ማውጣት የለመደ ሰው ክራርንም እንዲሁ ያደርጋል። ክሮቹን ሳታላሉ አታድርጉት። ቆዳው ተወጥሮ ክሩም ተወጥሮ መሃል ላይ የሚሰቃየው ጠርዙ ነው። በተረፈ ክራሩን ከሲሚንቶ ወለል አርቃችሁ በጨርቅ ከረጢት አንጠልጥሉት።

ፊቱ ጣውላ የሆነ ክራር ይህን ያህል አይለዋወጥም። ለዚህ ከተማ ጀማሪ የማደላው ወደ እሱ ነው። የቆዳ ክራር ድምፅ የበለጠ ወፍራምና ለጆሮ የሚቀርብ መሆኑን አልክድም፤ እኔ ራሴ የምጫወተው በቆዳው ነው። በየቀኑ መቃኘት ግን ለአዲስ ሰው ከባድ ነው።

ኤሌክትሪክ ላድርገው?

ወጣቶች አብዝተው የሚጠይቁኝ ይህን ነው። መልሴ አጭር ነው፤ አሁን አይደለም። ቅኝት የማይዝ ክራር ድምፅ ማጉያ ሲገባለት የሚጎላው ጥፋቱ ነው።

ክራሩ ፈተናውን ካለፈ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤቶች የሚያውቁት፣ ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ ሳንቲም የመሰለ ፒዞ አለ። እሱን ሆዱ ውስጥ ከብርኩማው እግር ሥር በሁለት ፊት በሚያጣብቅ ፕላስተር መለጠፍ፣ ሽቦውን ከጃክ (ከገመዱ መሰኪያ) ጋር መበየድ ነው። ድምፁ የቀጠነ ከመሰላችሁ መሃል ላይ ፕሪአምፕ፣ ድምፁን አስቀድሞ የሚያጎላ ትንሽ ዕቃ፣ ያስፈልገዋል። የኤሌክትሪክ ጊታር ማግኔት ፒክአፕ ግን እንዳትገዙ፤ የሚሰማው ብረት ክርን ብቻ ነው፣ ናይለን አይሰማም። የቆዳ ክራር ስፒከር አጠገብ ሲቀመጥ ያፏጫል፤ መድረክ ላይ ከስፒከሩ ፊት አትቁሙ።

አዲስ ለማሠራት የወሰነ ሰው

ዝግጁ ከመግዛት ማሠራትን እመርጣለሁ። የጣታችሁን ውፍረት ሠሪው ያየዋል፤ የክር ርቀቱ ለእናንተ ይሆናል። እንጨቱ የደረቀ መሆኑን ጠይቁ። በክረምት በእርጥብ እንጨት የተሠራ ክራር በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ትዕዛዙ ከጥር እስከ መጋቢት ቢሆን ጥሩ ነው። የጊታር መቃኛ ከመጀመሪያው እንዲገባ ተስማሙ፤ ቀንበሩ በዚያው ልክ ወፍሮ ይሠራል፣ በኋላ ከመብሳት ይሻላል። ቀብድ ክፈሉ፣ ቀሪውን ግን የግማሽ ሰዓቱን ፈተና ሠሪው ፊት አድርጋችሁ ስትጨርሱ ስጡ። ጥሩ ሠሪ በዚህ አይከፋም። አንድ ሽማግሌ ሠሪ እንዲያውም «ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ምን አላት፣ አሳድረው» ብለውኛል።

የካምፓሱ ልጅ በአዲስ ክርና በአዲስ ጨርቅ የሳህኑን ክራር እየተጫወተ ነው፤ ለእሱ እስኪመረቅ ይበቃዋል። የእህቴ ልጅ ክራር ግን አልዳነም። ቀንበሩ ይዞር ነበር፣ ጣቷም ክሮቹ መካከል አልገባም። እናቷ ሳሎን ሰቀለችው፤ ያምራል። ልጅቷ ለአምስት ወር በእኔ ክራር ተለማመደች። በየካቲት ፊቱ ጣውላ የሆነ፣ ባለ ጊታር መቃኛ ክራር አሠራን። ልንወስድ የሄድን ቀን እዚያው ዱካ ላይ ተቀምጣ ትዝታ ቃኘችው። ከዚያ ሳልነግራት ሦስቱን ክሮች አንድ በአንድ ነካካችና አምባሰል ገረፈች።